ሃያ ደቂቃ ቆመን ያገኘነው እሺታ

ጥር 2

ክቡር ጠረጴዛዬ፣ የተከበርሽው የንባብ መብራቴ፣ ውድ መነጽሬ፣ እንዲሁም በማዕረግ ሳይሆን በስንፍና ወደ ኋላ የቀረህ እስክሪብቶዬ… እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልማድ ሆኖብኝ ነው። ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስንከባበር ቆየን። ከክቡርነታቸው አንሥቶ ድምፅ ማጉያውን እስከሚያስተካክለው ሠራተኛ ድረስ ሁሉም በየደረጃው ተጠራ፣ ተመሰገነ። ከዚያ በኋላ የስብሰባው ዋና ጉዳይ በዐሥር ደቂቃ አለቀ።

ጉዳዩ መንገዱ ነው። እዚሁ ሰፈራችን፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ከመስጊዱ ማዶ ያሉት አራት ሱቆች ይነሣሉ። ቦታው ለውኃ መውረጃ ቦይና ለእግረኛ መንገድ ይውላል። ለባለሱቆቹ ወደ ዲጋ ከተማ በሚወስደው መውጫ ምትክ ቦታ ተዘጋጅቷል ተብሏል። ሦስቱ ፈርመዋል። የቀረችው ነስሪን ብቻ ናት፣ የሟቹ የኢስማኢል ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥቶ ያንን ሱቅ ሲከፍት እኔ ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀጀላ ተነሥቶ ተናገረ። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ያኔም ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣ ነበር።

«የውጭ ረጂዎቻችን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንድ ጡብ እንዲነሣ አይሹም። ስምንት ወር ለፋን። እናንት አባቶች አግባቡልን።»

«ለእኛ ተዉት» አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? የሽማግሌዎች ምክር ቤት ሰብሳቢ ስለሆንኩ? ወይስ ጭብጨባው ገና ስላላበቃ?

ጥር 3

አምስት ሆነን ሄድን። ሰብሳቢው እኔ ብሆንም በዕድሜ መሪያችን ኦቦ ባቻ ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዘራቸውም የእኔን ዕድሜ ሳያክል አይቀርም።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ አይቀመጥም። የመጣበት ጉዳይ «ቶሌ»፣ እሺ፣ እስኪባል ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ወንበር አይነካም፣ ውኃ አይቀምስም። ስንት ጋብቻ፣ ስንት እርቅ በዚህ መንገድ አግኝተናል። ጥሩ ልማድ ነው። ዛሬም ጥሩ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

«አካም ጅርቱ አባቶቼ! ግቡ፣ ግቡ!» ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎረቤት ሮጣ አግዳሚ ወንበር አመጣች።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ኦቦ ባቻ።

«ኧረ አባኮ፣ ፀሐይ ነው!»

«ፀሐይም ይሁን።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ለልመና ነው የመጣን። እሺ በይን።»

«የመንገዱን ነገር ነው? የሚሰጡኝ ቦታ የት ጋ ነው? ሰው ያልፍበታል?»

«መጀመሪያ እሺ በይ። ዝርዝሩ ከቢሮ ይመጣል።»

ቀሚስ ልታስለካ የመጣች አንዲት ሴት ሳትለካ ሄደች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከመንገድ ማዶ አንዱ ጮኸ፦ «አንቺ፣ አባቶችን ፀሐይ ላይ ታቆሚያለሽ? የኢስማኢል ልጅ አይደለሽም?» የኦቦ ባቻ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉልበታቸው የምር ይንቀጠቀጣል። መቼ እንደሚንቀጠቀጥም የምር ያውቃሉ።

ነስሪን አንዴ እኛን፣ አንዴ ስፌት መኪናዋን ታያለች። ፊቷ ቀላ።

«ቶሌ! ቶሌ አባኮ፣ ተቀመጡ ብቻ!»

ተቀመጥን። ለስላሳ መጣ። መረቅናት። ቀጀላ ከመኪናው ወረቀቱን ይዞ ወረደ። መኪናው እዚያ እንደነበረ እንኳ አላየሁም። ፈረመች።

ሃያ ደቂቃ! ቢሮው ስምንት ወር የፈጀበትን እኛ በሃያ ደቂቃ። ቤት ስገባ ለአስካለ ነገርኳት።

«ጎበዝ» አለች ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች። «ልብስ ሰፊ ናት እኮ፤ አምስት ሽማግሌ ስንት ክንድ እንደሚሆን ለክታ አታውቅም መሰለህ?»

ምን ማለቷ ነው?

ጥር 5

መምህርት ሃሌሉያ መጣች። ከሐዋሳ ተመድባ እዚህ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ቢሮው ለረጂዎቹ የሚላከውን ሪፖርት እንድትጽፍለት ቀጥሯታል። አፏ እንደ አዲስ መቀስ ነው። ወደድኳት።

«ጋሼ፣ እዚህ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። የባለቤቷ ፈቃድ እንዴት እንደተገኘ ግለጹ ይላል።»

«አሳምነናታል።»

«ምን ብላችሁ?»

«ምን እንላለን? ቆምን።»

«ቆማችሁ?»

«ቆምን።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምንም ሳትናገሩ?»

«እሺ በይን አልን።»

«ስለ ቦታው፣ ስለሚሰጣት ነገር፣ ስለ መብቷ…?»

«ዝርዝሩ ከቢሮ…»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና «ለዚህ ቃል መፈለግ አለብኝ» ብላ ሄደች።

ጥር 6

ቃል አልተገኘም።

ጥር 8

ሃሌሉያ ወፍራም መዝገበ ቃላት ታቅፋ መጣች። ከሁለት ሰዓት በላይ ተማርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ተማሪ መሆን ደስ ይላል፤ የቤት ሥራው እስኪመጣ ድረስ።

የያዝኩትን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። እንግሊዞቹ ሰውን እሺ የማሰኘትን ነገር እንደ መሰላል ደርድረውታል። ከላይኛው ደረጃ «ኮንቪንስ» አለ። የሰውዬው ሐሳብ ሲለወጥ ነው፤ ማስረጃውን አይቶ «ልክ ናችሁ» ሲል። ቀጥሎ «ፐርስዌድ» ነው። እዚህ ላይ የሚለወጠው ሥራው ነው፤ ተመክሮ፣ ተለምኖ፣ አንድ ነገር ለማድረግ ይነሣል። ልቡ ሙሉ በሙሉ ባይከተል እንኳ እግሩ ይከተላል፣ ግን የራሱ እግር ነው።

«ከዚህ በታች ኢንዱስ አለ» አለች። «አንድ ነገር ከውጭ አቅርበው ሌላውን ነገር ያስከትላሉ። ጥቅም፣ ተስፋ፣ ስጦታ። ሐኪም ምጥ አልመጣ ሲለው በመድኃኒት ሲያመጣው፣ ቃሉ ይኸው ኢንዱስ ነው። ምጡን ማንም አይመክረውም። ይጠሩታል፣ ይመጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፕሬዠር። ክብደት መጫን። ከሁሉም በታች ኮምፔል፤ ሌላ መውጫ ሲጠፋ።»

«እኛስ የትኛው ላይ ነን?»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

«ለመንን እኮ…»

«ለማኝ እምቢ ሲባል ይሄዳል፣ ጋሼ። እናንተ ትሄዱ ነበር?»

አንሄድም ነበር።

ቀጥላ የነገረችኝ ግን ቀልድ የለበትም። ረጂዎቹ ይህን ዓምድ ነው አስቀድመው የሚያነቡት። ከላይ ካሉት ሁለቱ አንዱ ከተጻፈ የነስሪን ሱቅ በዚሁ ወር ይፈርሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ወረቀቱ ይመለሳል፣ እሷም እንደ አዲስ ትጠየቃለች። ቀጀላ «ኮንቪንስ» ተብሎ እንዲጻፍ አዟል። የእኔ የሰብሳቢው ፊርማ ከሥሩ ይገባል።

በእኛ ሪፖርት ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። «ግንዛቤ ተፈጥሮላታል» ብለን እንዘጋዋለን። መሰላሉን በሙሉ፣ ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው፣ በዚች አንዲት ሐረግ ጠቅልለን ስንቀመጥባት ኖረናል።

ጥር 10

ቀኑን ሙሉ ከተማውን በመሰላሉ ላይ ስሰቅልና ሳወርድ ዋልኩ።

ጠዋት አስካለ የደም ግፊት ክኒኔን ይዛ መጣች። «ትውጣለህ ወይስ አዲስ አበባ ለልጅህ ልደውልላት?» ፕሬዠር። ዋጥኩ።

ፀጉር ቆራጩ ሚናስ «ጋሼ፣ ይህን ጢም ብናነሣው ዐሥር ዓመት ይቀንሳሉ» አለኝ። ተነሣ። አልቀነስኩም። ይህ ፐርስዌድ ነው፤ ጢሜ ሄዷል፣ እምነቴ ግን ቦታው ነው።

መናኸሪያ ላይ ወደ አኖ ከተማ የሚሄደው መኪና ረዳት «አኖ! አኖ! ሞልቷል፣ አንድ ሰው!» ይላል። መኪናው ውስጥ ሾፌሩና አንዲት ዶሮ ብቻ ነበሩ። ይህን የቱ ላይ ላስቀምጠው? ለሃሌሉያ ደወልኩላት። «እሱ ማታለል ነው ጋሼ፣ ከዝርዝራችን ውጭ ነው» አለች። አይመስለኝም። ብዙ ስብሰባ እንዲህ ሲሞላ አይቻለሁ።

ስለ ስብሰባ ካነሣሁ… ሥልጠናዎቻችን በሙሉ ኢንዱስ ናቸው። ባለፈው ክረምት ምሳው የተሰረዘ ዕለት ግንዛቤ የጠማው ሰው አንድም አልተገኘም። እኔም ቤቴ ነበርኩ።

ሰውን ሁሉ መዘንኩ። የጥር ሦስቱን ግን አልመዘንኩም። ለምን?

ጥር 11

ጥምቀት። ዛሬ አልጽፍም።

ጥር 14

ምትክ ቦታውን ላየው ሄድኩ። ማየት የነበረብኝ ከመቆሜ በፊት ነበር። ዐውቃለሁ።

የገላናን ባጃጅ ያዝኩ። በዲጋ መውጫ ሄድን፣ ሄድን… አስፋልቱን ለቀን፣ ደግሞ ሄድን። ባሕር ዛፍ። አንድ የቆርቆሮ ሰሌዳ፣ «የንግድ ማዕከል» የሚል። ከሰሌዳው ሥር ሁለት ላሞች።

«እዚህ ሱቅ ሊሠራ ነው?» አለ ገላና።

«የልብስ ስፌት ጭምር።»

«ለማን? ለላሞቹ?» ሞተሩን አጠፋ። «ኦቦ ወልዴ፣ እኔ እዚህ ሰው አምጥቼ አላውቅም። ዛሬ እርስዎን። እርስዎም ሱሪ ሊያሳጥሩ አልመጡም።»

ነስሪን ዘንድ የሚመጣው ሰው በገበያ ቀን ከአኖም ከዲጋም ጨርቁን ይዞ የሚመጣ ነው። ጠዋት አስለክቶ፣ ገበያውን ጨርሶ፣ ማታ ልብሱን ይዞ መኪና ላይ ይወጣል። ከመናኸሪያው በእግር አምስት ደቂቃ ስለሆነ ነው ይህ የሚቻለው። ከላሞቹ ዘንድ አይቻልም። ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

«ሰው ያልፍበታል?» ብላ ጠይቃን ነበር። መልሱን አሁን ዐወቅሁት፤ ከፈረመች ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ።

ጥር 15

ፈረምኩ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ለማንም የማልናገረው ስለሆነ እዚህ ይቀመጥ።

ቀጀላ አስጠራኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ «ኮንቪንስ» የሚለው ቃል እንደ ሙሽራ መሐሉ ላይ ተቀምጧል።

«ቦታውን አይቼዋለሁ» አልኩት። «ላሞች አሉበት።»

«ላሞቹ ጊዜያዊ ናቸው፣ ጋሼ።» ቀጠለ፦ «እርስዎ የዚህ ከተማ ባለውለታ ነዎት። እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

አስተምሬው ነበር። አልፈረምኩም።

«ቢሾፍቱ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት አለ። ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል። ስምዎን አስይዣለሁ።»

ኢንዱስ፣ አልኩ በልቤ። እንዴት ደስ አለኝ፣ ስሙን ማወቄ! አልፈረምኩም።

«ሌሎቹ አባቶች ቅር ብሏቸዋል። ሰብሳቢው ለምን ያጓትታል እያሉ ነው። ሰብሳቢ ደግሞ… ይለወጣል።»

ፕሬዠር። አሁንም አልፈረምኩም። እንዲያውም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። መሰላሉን እርከን በእርከን ሲወርድልኝ እንደ ፈታኝ ምልክት እያደረግሁ ነበር።

ያን ጊዜ በሩን ከፈተ። ኦቦ ባቻና ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኩ።

«አንቀመጥም ወልዴ። ፈርምልን።»

«ኦቦ ባቻ፣ ልጅቷ እኮ…»

«ፈርምልን።»

ጉልበታቸውን አየሁ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቅ ጉልበት መሆኑን እያወቅሁ፣ አየሁት። የቀጀላ ጸሐፊ በበሩ ክፍተት ታየኛለች። እነዚህ ሰዎች አባቴን ቀብረዋል፣ እኔን ድረውኛል። እኔ ተቀምጫለሁ፣ እነሱ ቆመዋል… እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ማን አስያዘኝ?

ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ። ሻይ መጣ።

ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። አራት ደቂቃ ነው የፈጀው።

እሷ ሃያ ደቂቃ ተቋቁማለች።

ጥር 17

እንቅልፍ የለም። አስካለ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት። እንድትስቅብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «ሃሌሉያ ወረቀቱን ልካዋለች?» አለች ብቻ።

ወደ ኮሌጁ ሮጥኩ። መሮጥ ካልነው።

አልላከችውም። «አባሪዎቹን እየተረጎምኩ ነው» አለች፤ ከሁለት ቀን በፊት ማለቅ የነበረባቸው አባሪዎች።

«ቃሉን እንለውጠው» አልኩ። «ኢንዱስ? ፕሬዠር? የቱ ይሻላል?»

«የቱም ልክ አይመጣም። ፕሬዠር ካልኩ ዱላ የያዛችሁ ይመስላል።»

«ዱላስ ይዘናል። ኦቦ ባቻ ከዘራ አላቸው።»

«ጋሼ!»

«እሺ። ቃሉን እንተወው። የሆነውን ጻፊ።»

ተናገርኩ፣ ጻፈች። እኛ አምስት ሽማግሌዎች፣ ዕድሜያችን ሲደመር ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት፣ ሱቋ በራፍ ላይ በጥር ፀሐይ ለሃያ ደቂቃ ቆምን። እሺ ካላለች እንደማንቀመጥ ነገርናት። ቦታው የት እንደሆነ ጠይቃን አልመለስንላትም፤ እኛም አናውቀውም ነበርና። በአገራችን ሽማግሌን ማቆም ነውር ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኛም ማወቋን ዐውቀን ነው የሄድነው። እሺ ያለችው እንድንቀመጥላት ነው። እኔም ይህን ወረቀት በመጀመሪያ የፈረምኩት በዚሁ መንገድ ነው።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስናገር ሃሌሉያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈችው።

ከሥሩ ፈረምኩ። ማንም አልቆመብኝም። ሃሌሉያ ያኔውኑ ላከችው።

ጥር 25

ከረጂዎቹ መልስ መጣ። ወረቀቱ ተመልሷል። ባለሱቋ እንደ አዲስ ትጠየቅ፤ በሱቋ ውስጥ፣ ሁሉም ተቀምጦ፣ ጠያቂው ከአንድ ሰው ሳይበልጥ፣ ከአንድ ጸሐፊ ጋር። ምትክ ቦታውን አስቀድማ ትየው። ጠያቂውም ይህን መግለጫ የጻፈው ሰው ይሁን።

እኔ?

ቀጀላ ደወለ። «ጋሼ» አላለኝም። «አቶ ወልደዮሐንስ» አለኝ፣ ከነሙሉ ስሜ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አንድ ነገር ግን ልክ ነበረው፦ «ከእኔ ጋር ቆመው ነበር እኮ!» አለ። ቆሜ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ባቻን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣዬን አነሣሁ። አለፉኝ። ሦስት እርምጃ ሄደው ዞሩና፣ «ነውራችንን ለፈረንጅ ጻፍክ?» አሉኝ።

«የሆነውን ነው የጻፍኩት፣ ኦቦ ባቻ።»

«የሆነው ሁሉ ይጻፋል?»

ባርኔጣዬን መልሼ ደፋሁ። እስካሁንም እያሰብኩ ነው።

ጥር 27

ነስሪን ቤታችን መጣች። ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኝ ደረቴን ሳላስተካክል አልቀረሁም። ሞኝነት በስተርጅና።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች፤ በገዛ ቤቴ። እሷ አልተቀመጠችም። «ከተማው ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ? ነስሪን ሽማግሌ ከሰሰች እያለ ነው። ማንን ከሰስኩ? ለማን ተናገርኩ?»

«ልጄ፣ እኔ ላንቺ ብዬ…»

«ለኔ ብለው! መጀመሪያ ለኔ ብላችሁ ሳትጠይቁኝ እሺ አስባላችሁኝ። አሁን ደግሞ ለኔ ብለው፣ ሳይጠይቁኝ፣ አልፈቀደችም ብለው ጻፉ። ነገ እኔ ከባሌ ወንድሞች ጋር ብጣላ የትኛው ሽማግሌ ነው በሬን የሚያንኳኳው? አስበውታል?»

አላሰብኩትም።

«እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ? አንድ ሰው ይጥሩልኝ!»

አስካለ ውኃ ይዛ መጣች። ነስሪን ቆማ ጠጣችው፣ ብርጭቆውን ለአስካለ መለሰች፣ ሄደች። በሩ ላይ፦ «እሮብ ይምጡ። ቅዳሜና ሐሙስ ሥራ ይበዛብኛል።»

ይህን ሁሉ ካለችኝ በኋላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ለዚህ ምን ቃል አላቸው? ይሄኛውን መጠየቅ አልፈለግሁም።

የካቲት 1

ሄድን። እኔና ሃሌሉያ ብቻ። ነስሪን ምትክ ቦታውን ትናንት በገላና ባጃጅ ሄዳ አይታዋለች።

ሁለት ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ። ተነሥቼ እንድትቀመጥ ለመንኳት፤ ስፌት መኪናዋ ፊት ባለው ወንበር ተቀመጠች። ሃሌሉያ የጨርቅ ጥቅል ላይ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። «የተከበርሽ…» ብዬ ስጀምር አንዲት ደንበኛ ከአኖ ገባች። ነስሪን «ቆይ ጋሼ» አለችኝ። ሴትዮዋን ለካች፣ ስለ ልጇ ምርቃት አወራች፣ በኦሮምኛ ተከራከረች፣ ሳቀች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። አገሬ ላይ ሰው ሥራውን እስኪጨርስ ተቀምጬ የጠበቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። እኔ ልጠይቃት ሄጄ እሷ ጠየቀችኝ። መብራት መቼ ይገባል? ውኃስ? ባጃጅ በስንት ሰዓት ያቆማል? ማታ ብቻዬን ስዘጋ ማን አለ? ከአኖ የመጣ ሰው መኪና እንዳያመልጠው እዚያ ደርሶ የሚመለሰው እንዴት ነው? ቦዩን በአንድ ሜትር ማጥበብ አይቻልም ወይ? ማን ነው አይቻልም ያለው፣ በምን ለክቶ?

ለሁሉም «አላውቅም» አልኩ። ሃሌሉያ ሁሉንም ጻፈች። «አላውቅም» ብዬ ይህን ያህል ጊዜ የተናገርኩት ተማሪ ሳለሁ እንኳ አይደለም።

በመጨረሻ ጠየቅኋት፦ «ከዚህ ለመነሣት ትፈቅጃለሽ?»

አሰበች። የምር አሰበች። መንገዱን አየች፣ መስጊዱን አየች።

«ላኪ» አለች፤ በኦሮምኛ እምቢ ማለቷ ነው። «አልፈቅድም፣ ጋሼ። መንገዱን አልጠላሁም። እኔም ክረምት ላይ በጭቃው እሄዳለሁ። ያን ቦታ ግን አልፈቅድም።»

ሦስት ምክንያት ኪሴ ውስጥ ነበረኝ፣ ጥሩ ጥሩ ምክንያቶች። ለሠላሳ ዓመት ሰውን እሺ ሳሰኝባቸው የኖርኩ። አንዱንም አላወጣሁም። እግሬም አልተነሣም።

«ሻይ ይጠጣሉ?» አለች።

እምቢ ተብሎ ሻይ መጠጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ስኳሩ በዛ እንጂ ጥሩ ነበር።

የካቲት 12

መሐንዲሶቹ መጥተው ለኩ። ስምንት ወር «አይቻልም» የተባለው አንድ ሜትር በሁለት ቀን ተቻለ። ሱቆቹ ሳይነሡ ቦዩ በክዳን ሆኖ ከፊታቸው ያልፋል። የእግረኛው መንገድ ይጠባል። ቀድመው የፈረሙት ሦስቱ ባለሱቆች ሌሊቱን ሲመክሩ አድረው ጠዋት ቢሮ ሄደዋል አሉ። «እኛም አልተጠየቅንም» ብለው። ቀጀላ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

የእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ ያምራል። «…በምክር ቤቱ ሰብሳቢነት ላበረከቱት የማይተካ አስተዋጽኦ ከልብ እያመሰገንን…» ይላል። የማይተካው አስተዋጽኦዬ ከሰኞ ጀምሮ በኦቦ ባቻ ተተክቷል። ከቢሾፍቱው ዐውደ ጥናትም ስሜ ወጥቷል።

አስካለ ደብዳቤውን አነበበችና «ታዲያ ይህ ምንድን ነው፣ ከዝርዝሩ?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የሠላሳ ዓመት ሽምግልና ነው እኮ።

አመሻሽ ላይ በነስሪን ሱቅ በኩል አለፍኩ፤ ሆን ብዬ። ኦቦ ባቻ እዚያ ነበሩ፣ ብቻቸውን። አዲሱ ሰብሳቢ የቀጀላን የመጨረሻ መልእክት ይዘው መጥተዋል፦ አዲሱ ልክ ሳይጸድቅ ሐሳቧን ትለውጥ እንደሆነ።

በሩ ላይ ቆመው ነበር። ነስሪን ወንበር አመጣች። አዩት። መንገዱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ።

«በይ» አሉ። «ልስማሽ።»

ወሬያቸውን አልጠበቅሁም። መልሷን ዛሬም ዐውቀዋለሁ፣ የምትናገረው ግን እሷ ናት። ስሻገር ኦቦ ባቻ ጠሩኝ፦ «ወልዴ! ባርኔጣህን እንደ ፖሊስ ጎትተህ የት ነው የምትሸሽ? ግባ!»

ከጥር ሃያ አምስት ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። ገባሁ።

እንግዲህ… ስለ አገልግሎቴ ላመሰገነኝ ቢሮ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለመምህርት ሃሌሉያ ከፍ ያለ ምስጋና፤ አባሪዎቿ ሁልጊዜ ይዘግዩልን። ለአዲሱ ሰብሳቢ መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላቸው። ከልቤ ነው፤ ማንም አላስባለኝም።